ፒክአፕ ከፍ ሲደረግ ክፍተት የሚጠፋው የት የት ነው? ከሥር ሆኜ ካየሁት

ፒክአፑን ከፍ ለማድረግ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ላድርገው?» ብሎ ነው። የራሴን መኪና ከሠራሁ፣ ቀጥሎም የጓደኞቼ ሲሠሩ አብሬያቸው ከመኪና ሥር ከዋልኩ በኋላ፣ ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ጥያቄ እንደሆነ አምኛለሁ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጎማው እስከ የት ይወርዳል፣ እስከ የት ይወጣል፣ በዚህ መሃልስ ምን ከምን ጋር ይነካካል የሚለው ነው። መኪናው ሊሸከመው የሚችለው ቁመት የሚታወቀው ያ ከታወቀ በኋላ ነው።

ከፍ የተደረገ መኪና ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቆሞ ሲታይ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ሞላው አዲስ፣ ጎማው ትልቅ፣ ቁመናው ያማረ ነው። ጣጣው የሚመጣው አንዱ የፊት ጎማ ጉብታ ላይ ወጥቶ ሌላው አየር ላይ ሲንጠለጠል፣ ወይም መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ሳለ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ነው። ብረት ከብረት የሚጋጨውም፣ የፍሬን ቱቦ የሚወጠረውም፣ ጎማው የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ የሚበላውም ያኔ ነው። ስለዚህ የምለካው ሁለቱን ጫፎች ነው፤ ጎማው ሙሉ በሙሉ የሚንጠለጠልበትን የታችኛውን ጫፍና ሙሉ በሙሉ የሚጨመቅበትን የላይኛውን ጫፍ። መሪው ደግሞ በሁለቱም ጫፎች ላይ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው መዞር አለበት።

የኔ መኪና አሠራር የአብዛኞቹ የዛሬ ፒክአፖች አሠራር ነው። ከፊት እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ የላይና የታች አርም (ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዝ ክንድ) አለው፤ ሾክ አብዞርበሩ ከነጥቅል ሞላው ከታችኛው አርም ተነስቶ ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ ይታሰራል። ከኋላ አንድ ወጥ አክስል በባሌስትራ (በተደራራቢ የብረት ሞላ) ላይ ተቀምጧል። ሃይሉክስ፣ ሬንጀር፣ ዲማክስ የመሳሰሉት በብዛት በዚህ መልክ የተሠሩ ናቸው። ከፊት በቶርሽን ባር (በጥቅል ሞላ ፋንታ ተጠማዝዞ በሚሠራ ዘንግ) የሚሠሩት የቆዩ ሞዴሎች የራሳቸው ጠባይ ስላላቸው ወደ ኋላ ለብቻ እመለስባቸዋለሁ።

አንድም ቡሎን ሳይፈታ የሚለካ ነገር አለ። ከቸርኬው መሃል ነጥብ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ መለካት ያሳስታል፤ የጎማው ንፋስና መጠን ስለሚገባበት ሰስፔንሽኑ ስንት እንደተንቀሳቀሰ አይነግርም። ይህን ልክ በአራቱም ጎማ ላይ ወስጄ በወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ከዚያ መኪናውን በሻንሲው ደግፌ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ እንደገና ለካሁ። በኔ መኪና የፊት ጎማው ከቆመበት ቁመት ወደ ታች 90 ሚሊሜትር፣ ወደ ላይ ደግሞ እስከ ላስቲክ ማቆሚያው (ጎማው ከዚያ በላይ እንዳይወጣ እስከሚገታው ላስቲክ) 100 ሚሊሜትር ገደማ ነበረው። የናንተ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ቁጥሩን ማወቅ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ሾኩ ሳይቀየር መኪናው በሞላ ብቻ በ50 ሚሊሜትር ከፍ ቢል፣ ወደ ታች የቀረው መንገድ 40 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሾኩ ሙሉ ርዝመት አልጨመረማ! መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ታችኛው ጫፍ እየተጠጋ ይቆማል። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሻግሮ ሲወርድ ከፊት የሚሰማው ጓ የሚል የብረት ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሾኩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ራሱን በራሱ እየመታ ነው። እንዲህ እየተነዳ የሚቆይ ሾክ ዕድሜው አጭር ነው፤ ጎማውም ጉድጓዱን ተከትሎ ስለማይወርድ መሬት አይዝም።

በዚህ ላይ ሰዎች አንድ አድርገው የሚያዩዋቸው ሁለት ዓይነት ስፔሰሮች (ቁመት ለመጨመር በመሃል የሚገቡ ቁራጮች) አሉ፤ ክፍተትን በተመለከተ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንደኛው ከሞላው በላይ፣ በሞላውና በላይኛው ሳህን መካከል ይገባል። ሞላውን ይበልጥ ጨምቆ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፤ የሾኩን ርዝመት ግን አይነካም። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ቦታ ላይ ይቀራሉ። የሚጎዳው አሁን ያልኩት ነው፤ የመውረጃው መንገድ ያጥራል።

ሁለተኛው ከላይኛው ሳህን በላይ፣ በሾኩ አናትና በሻንሲው መካከል የሚታሰረው ነው። እርካሽና ለመግጠም ቀላል ስለሆነ በብዛት የሚገጠመው ይህ ነው፤ እኔ ደግሞ ይበልጥ የምፈራው ይህንኑ ነው። ሾኩ የታችኛውን አርም የሚይዘው ከጎማው ይልቅ ወደ አርሙ ማጠፊያ ቀረብ ብሎ ስለሆነ፣ አናቱ ላይ የገባ 25 ሚሊሜትር ስፔሰር ጎማው ላይ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ በብዙዎቹ መኪኖች ከ45 እስከ 50 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ማለት የታችኛው ጫፍ በዚያው ልክ ፋብሪካው ካሰበው በታች ወረደ ማለት ነው። ቦል ጆይንቱ (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያ)፣ ሲቪው (ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው አክስል ተጣጣፊ መጋጠሚያ)፣ የላይኛው አርም፣ የፍሬን ቱቦው፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦው ሁሉ ከዚህ በፊት ደርሰውበት ወደማያውቁት ቦታ ይሄዳሉ። በላይኛው ጫፍም ችግር አለ። ሾኩ በሙሉ ወደ ታች ስለተገፋ፣ ጎማው ወደ ላይ ሲጨመቅ የላስቲክ ማቆሚያው ሳይደርስለት ሾኩ ውስጡን ሊመታ ይችላል። ይህን ስፔሰር የገጠመ ሰው ማቆሚያውንም በሚመጥነው ልክ ዝቅ ማድረግ አለበት። ከኪቱ ጋር የማቆሚያ ማራዘሚያ ከሌለ ሻጩን «ለምን የለም?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ስፔሰር ሳይሆን በርዝመቱ ለዚያ ቁመት የተሠራ ሾክና ሞላ ነው። የመውረጃውን መንገድ ከፊሉን ይመልሳል፤ ከላይኛው አርም ጋር እስኪጋጭ ድረስ ግን አይረዝምም።

የታችኛውን ጫፍ መፈተሽ ቀላል ነው

ሞላ ማውጣት አያስፈልግም። መኪናው በሻንሲው በጠንካራ መደገፊያዎች ላይ ከተቀመጠ በኋላ የፊት ጎማዎች ይውለቁና ሁለቱም ወገን ይንጠልጠል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። የስታቢላይዘር ባሩን (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያዘነብል ሁለቱን ወገን የሚያገናኘውን ዘንግ) ማያያዣዎች ፈትቼ እያንዳንዱ ወገን የመጨረሻውን ያህል እንዲወርድ አደርጋለሁ፤ ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዤ እገባለሁ።

የመጀመሪያው የማየው ቦታ የላይኛው አርምና ጥቅል ሞላው ናቸው። አርሙ ወደ ታች ሲያዘነብል የውስጠኛው ጠርዙ ወደ ሞላው ይጠጋል። በአንድ ጓደኛዬ መኪና ላይ ባትሪውን ሳበራ የሞላው ቀለም አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ብረቱ ብር መስሎ ያበራል፤ ከፊት ለፊቱ አርሙ ላይ እንዲሁ አንጸባራቂ ጭረት አለ። መኪናው ቆሞ ሲታይ በሁለቱ መካከል ሦስት ጣት ይገባ ነበር። ጎማው በተንጠለጠለ ቁጥር ግን ይላተሙ ነበር፤ ባለቤቱ ለብዙ ጊዜ ድምፁን ከቦኮላ (አርሙ ማጠፊያ ላይ ካለው ላስቲክ) የመጣ መስሎት ቦኮላ አስቀይሯል። እንዲህ ዓይነት የተላጠ ቀለም ከማንኛውም መለኪያ በላይ እውነቱን ይናገራል፤ ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላ በየጊዜው ፈልጉት።

መፍትሔው ሦስት መንገድ አለው። ቁመቱን መቀነስ፤ ሾኩን አጭር አድርጎ መውረዱን መገደብ፤ ወይም ለሞላው ቦታ እንዲተው ሆኖ የተሠራ የላይኛ አርም መግጠም። የመጨረሻው ውድ ነው፤ ሆኖም ቦል ጆይንቱንም ለአዲሱ ቁመት በሚስማማ ማዕዘን ስለሚያስቀምጠውና ካስተርንም (መሪው ወደ መሃል እንዲመለስ የሚያደርገውን የፊት ጎማ ማዕዘን) ስለሚመልስ፣ ከ50 ሚሊሜትር በላይ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ከማንኛውም ነገር በፊት የምመክረው እሱን ነው። በሚንቀሳቀሱ ብረቶች መካከል ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ክፍተት እንዲቀር እፈልጋለሁ። ቦኮላዎቹ ላስቲክ ናቸው፤ መኪናው ሲሄድ ይታጠፋሉ፤ ቆሞ «ለጥቂት አይነካም» የተባለው ነገር በጉዞ ላይ ይነካል።

ከዚያ ሲቪውን እመለከታለሁ። ጎማው በተንጠለጠለበት አክስሉ ወደ ታች ያዘነበለበት ማዕዘን የመጨረሻው ነው። መኪናውን በፎር ዊል አስገብቼ ካምቢዮውን በዜሮ አደርግና ሃቡን (ጎማው የሚታሰርበትን) በእጄ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከከበደ፣ ከተንቀጫቀጨ፣ ወይም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የገፋ ከመሰለ፣ ጆይንቱ ገደቡ ላይ ደርሷል። የላስቲክ ሽፋኑንም እዩት። የሽፋኑ እጥፋቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ከሆነ ሳይቆይ ይቀደዳል፤ ግሪሱ ይወጣል፤ አሸዋ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። በብዙ አዳዲስ ፒክአፖች የፊት አክስሎቹ መኪናው በሁለት ጎማ ሲነዳም እንደሚዞሩ አትርሱ። «እኔ ፎር ዊል ብዙ አልጠቀምም» የሚለው መከራከሪያ እነሱ ላይ አይሠራም።

ለሲቪ ማዕዘን ተብሎ የፊት ዲፈረንሻሉን ወደ 25 ሚሊሜትር ዝቅ የሚያደርግ ማውረጃ ይሸጣል። በ50 ሚሊሜትር አካባቢ እኔ አላስፈለገኝም፤ ሃቡን አዙሬ ነፃ መሆኑን ስላየሁ ተውኩት። አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለውን ርቀት ይቀንሳል፤ የፊት ትራስሚሲዮኑን (ለዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ) ማዕዘንም ይለውጣል። ከፍ ለማድረግ ተነስቶ አንዱን ክፍል ዝቅ ማድረግ ያለ ምክንያት አይደረግም።

የመሪ ቴስቲናዎቹ (የመሪ ዘንጎች ጫፍ መጋጠሚያዎች) እና የላይኛው ቦል ጆይንት በዚሁ ቦታ ይታያሉ። የቦል ጆይንቱ ዘንግ የመያዣውን ጠርዝ እየነካ ከሆነ አቁሙ፤ ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ቦል ጆይንት ሲሰበር ጎማው ይተኛል። በመጨረሻ የስታቢላይዘር ባሩን መልሼ አስራለሁና አንዱን ወገን በክሪክ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጌ አየዋለሁ። ባሩ ሁለቱም ጎማ አብሮ ሲወርድ ነፃ ሆኖ፣ አንዱ ብቻ ሲወርድ ግን ከመሪው ቴስቲና ወይም ከሲቪው ጋር ሊገናኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ባሩን ዝቅ የሚያደርግ ስፔሰር ወይም ረዘም ያለ ማያያዣ ይበቃል።

የፍሬን ቱቦን በተመለከተ ረጅም ጊዜ እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚበጠሰው የመኪና ዕቃ ብቻ አይደለም። ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ሳለ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ አዞርና ቱቦውን በጣቴ እቆነጥጠዋለሁ። በየትኛውም ቦታ ልል መሆን አለበት። ክር ሆኖ ከተወጠረ፣ ወይም መጋጠሚያው ላይ ከታጠፈ፣ ወይ መያዣውን ወደ ታች የሚያመጣ ማራዘሚያ ብረት ወይ ረዘም ያለ ቱቦ ያስፈልጋል። የኤቢኤስ ሽቦውም እንዲሁ፤ እሱ ሲጎተት ቀድሞ የሚነግራችሁ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው መብራት ነው። በተቃራኒው በጣም ረጅም ቱቦም አደጋ አለው፤ ጎማው ወደ ላይ ሲጨመቅ ተቆልምሞ ከጎማው ጋር ይፋተጋል። ስለዚህ ቱቦው በሁለቱም ጫፎች ይታይ። ቱቦን ከሞላ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ደግሞ በፍጹም አይገባም።

የላይኛው ጫፍ ሥራ ይፈልጋል

መኪናውን ሞላው እንዳለ ሙሉ በሙሉ ለመጨመቅ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ክሪኩ ጎማውን ሳይሆን መኪናውን ያነሳል። እኔ ያደረግኩት ሾኩን ያለ ሞላ መግጠም ነው። ሞላውን ከሾኩ ለመለየት ሞላ መጨመቂያ ያስፈልጋል፤ የተጨመቀ ሞላ ሰው የሚገድል ጉልበት ስላለው፣ መሣሪያውና ልምዱ የሌለው ሰው ይህን ለጋራዥ ቢተው ይሻላል። ሾኩ ያለ ሞላ ከገባ በኋላ ልትገጥሙት ያሰባችሁት ጎማ ራሱ ይታሰራል፤ ክሪኩ የታችኛው አርም ሥር ገብቶ ቀስ እያለ ከታች እስከ ላይኛው የላስቲክ ማቆሚያ ይገፋዋል። በየ20 ወይም 30 ሚሊሜትሩ እያቆማችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛው ሾኩ ነው። ማቆሚያው ሙሉ በሙሉ ሲነካ ሾኩ ውስጥ ጥቂት መንገድ መቅረት አለበት፤ ማቆሚያው ላስቲክ ስለሆነ በጉዞ ላይ ከዚያም በላይ ይጨመቃልና። ካልቀረ ማቆሚያውን ማራዘም ነው። ሁለተኛው ጎማው ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ ሰስፔንሽኑን ከፍ ማድረግ ለትልቅ ጎማ ቦታ አይፈጥርም። መኪናው ሲቆም ቦታ ያለ ይመስላል፤ ጎማው ወደ ላይ ሲጨመቅ ግን ማቆሚያው እስካልተለወጠ ድረስ የሚደርሰው ድሮ እዚያው የነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ የጎማውን መጠን የሚወስነው የቆመው ቁመት ሳይሆን የላይኛው ጫፍ ነው።

በጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ወደ ሚሊሜትር መለወጥ ይለመድ። 265/65 አር 17 የሚለው ጎማ ሙሉ ቁመቱ ወደ 776 ሚሊሜትር ነው። 265/70 አር 17 ወደ 803፣ 285/70 አር 17 ደግሞ ወደ 831 ይደርሳል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ 265ን በ0.65 አባዝታችሁ በሁለት ታባዛላችሁ፣ ከዚያ የቸርኬውን 17 ኢንች በ25.4 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። ከ776 ወደ 831 መሄድ ማለት ጎማው በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 27 ሚሊሜትር ወጣ ማለት ነው፤ በተጨማሪም በወርዱ 20 ሚሊሜትር ሰፋ። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው በእውነቱ ወደ 107 እየሄደ ነው።

የሚጋጨው በብዛት ሰው እንደሚያስበው ከላይ ሳይሆን ከኋላ ነው። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ የጎማው የኋላ ጠርዝ ካቢኑ ሻንሲው ላይ ከሚያርፍበት ብረት ጋር ይገናኛል፤ በተለይ ወደ ኋላ እየተነዳ መሪው ሲዞር። የቸርኬው ኦፍሴት (ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ) ይህን ያባብሰዋል። ሰፊ ሆኖ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ሲገጠም ጎማው በመሪው ዙሪያ የሚሠራው ክብ ይሰፋል፤ ያ ክብ የካቢኑን ማረፊያም የፓራውልቱን ጠርዝም ያገኛል። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የላይኛውን አርም ወይም ሻንሲውን ይነካል። የኔ ምርጫ የፋብሪካውን ኦፍሴት ሳላርቅ መቆየት ነበር። ለቁመት ስልም ሰፊ ጎማ አልገዛሁም። ለምሳሌ 255/75 አር 17 ቁመቱ ወደ 814 ሚሊሜትር ነው፤ ከ265/70 ይረዝማል፣ ግን ይጠብባል። ጠባብ ረጅም ጎማ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

የካቢኑን ማረፊያ ቆርጦ እንደገና መበየድ ብዙዎች እንደ ተራ ሥራ ያዩታል። እኔ አላደርገውም። ካቢኑን የተሸከመ ብረት ነው፤ በደንብ ያልተበየደ፣ ቀለም ያላገኘ ከሆነ ዝገት ይጀምረዋል። ለጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። አላይመንት የሚሠራው ባለሙያ ካስተሩን ሲያስተካክል የታችኛውን አርም ወደ ፊት በመግፋት እንዲያገኘው ለምኑት፤ ጎማው በሙሉ ትንሽ ወደ ፊት ይሄድና ከማረፊያው ይርቃል። ካስተሩ ያው ነው፤ ክፍተቱ ግን በነፃ ተገኘ።

የማይታይ ቦታ ላይ ይነካ አይነካ ለማወቅ የልጆች መጫወቻ ጭቃ በጣም ጠቅሞኛል። ትንሽ አድቦልቡሎ የተጠረጠረው ቦታ ላይ መለጠፍ፣ ጎማውን ወይም አርሙን በሙሉ መንገዱ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ የተጨፈለቀውን ጭቃ ውፍረት መለካት ነው።

በቶርሽን ባር ለሚሠሩ መኪኖች ቡሎኑን ማጥበቅ ብቻ መኪናውን ከፍ ስለሚያደርገው ሰው በርትቶ ያጠብቃል። የባሩ ጥንካሬ በማጥበቅ አይጨምርም። መኪናው የሚጎረብጠው የላይኛው አርም ከታችኛው ገደብ ላስቲክ ጋር ተጠግቶ፣ አንዳንዴም ተደግፎ ስለሚቆም ነው። በአርሙና በገደቡ መካከል የሚታይ ክፍተት ከሌለ አላግባብ ጠብቋል ማለት ነው፤ መላላት አለበት።

የኋላው

ከኋላ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ግን የሚረሱ ነገሮች አሉት። እኔ ከብሎክ ይልቅ አዲስ ባሌስትራ እመርጣለሁ። ብሎክ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ስለሚገባ ባሌስትራው ሲጣመም አክስሉ ይበልጥ የመሽከርከር ጉልበት ያገኛል፤ ብሎክ በብሎክ ላይ መደረብማ አይታሰብም። ረጅም የባሌስትራ ማንጠልጠያ የገጠመ ሰው ደግሞ ከጨመረው ርዝመት ግማሹን ብቻ ነው በቁመት የሚያገኘው። በጣም የቆለመመ አዲስ ባሌስትራ ሲገጠም ማንጠልጠያው አቋሙን ይቀይራል፤ አክስሉ ሲንጠለጠል ተገልብጦ ሻንሲውን ሊመታ ይችላል። አክስሉን አንጠልጥሎ ማንጠልጠያውን ማየት ነው።

የኋላ ሾክ ሲገዛ የተዘረጋ ርዝመቱን ብቻ ማየት አይበቃም። የተጨመቀ ርዝመቱ ማቆሚያው ሲነካ በላይና በታች ማሰሪያዎቹ መካከል ከሚቀረው ርቀት ማነስ አለበት። ረጅም ሾክ ደግ መስሎ ገብቶ፣ መኪናው ሲጫን ማቆሚያውን ቀድሞ ራሱ ይሰበራል ወይም ማሰሪያውን ይነቅላል።

አክስሉ ሲንጠለጠል የሚወጠሩት የፍሬን ቱቦው፣ የእጅ ፍሬን ገመዱና ከአክስሉ ላይ የሚወጣው ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ናቸው። የመተንፈሻ ቱቦውን ማንም አያስታውሰውም፤ ተነቅሎ ሲቀር ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይገባል። ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርድ ዘንግ ያለው የፍሬን ኃይል መቆጣጠሪያ ቫልቭ ካለ ደግሞ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ቫልቩ ጭነት መኖሩን የሚያውቀው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ባለው ርቀት ነው። መኪናው ከፍ ሲል ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ለኋላ ፍሬን የሚሰጠውን ግፊት ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ ፒክአፕ ይህ ቀልድ አይደለም። መኪናው በተነሳበት ልክ የዘንጉን መያዣ ከፍ የሚያደርግ ቅንፍ አለ፤ ከገጠሙት በኋላ በመኪናው መመሪያ መሠረት ማስተካከል ነው።

ከመቆም ሲነሳ ከወለሉ ሥር የሚንቀጠቀጥ መኪና የትራስሚሲዮኑ ማዕዘን ተበላሽቶበት ሊሆን ይችላል። ሁለት ክፍል ያለው ትራስሚሲዮን ከሆነ የመሃል ኩሽኔታውን በጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ካልሆነ ከባሌስትራው ሥር የሚገባ ሽብልቅ የአክስሉን አፍ ያቀናል። ክሮቸራዎቹንም (የትራስሚሲዮኑን መጋጠሚያዎች) አብራችሁ እዩ።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ። አንዴ በሙሉ ጉልበት የጠበቀ ጥርሱ ተስቧልና መልሶ እንደ መጀመሪያው አይይዝም።

ሁሉም ነገር ገብቶ ሲያልቅ አንድ የሚዘለል ሥራ አለ። የአርሞቹና የባሌስትራው ቦኮላ ቡሎኖች የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኙት መኪናው በራሱ ጎማ ላይ ቆሞ፣ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቀነቀ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ላስቲኩ በተጠማዘዘበት ይቆለፋል፤ መኪናው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቦኮላውም ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንት። ከፍ ማድረግ ካስተርን ይቀንሳል፤ ካስተር ሲያንስ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ይቅበዘበዛል፤ መሪው ወደ መሃል ለመመለስ ይሰንፋል። ባለሙያው በነበረው ማስተካከያ ካስተሩን መመለስ አልቻልኩም ካለ፣ ለዚያ መኪና ወይ ሌላ የላይኛ አርም ያስፈልጋል ወይ ቁመቱ በዝቷል።

የፊት መከላከያ ብረት፣ ዊንች ወይም የኋላ ካኖፒ የሚገጠም ከሆነ ከሞላው በፊት ይገጠም። ሞላው የሚመረጠው መኪናው ሁልጊዜ ለሚሸከመው ክብደት ነው፤ ያለ ክብደቱ የተለካ ክፍተት ሁሉ ሲጫን ይለወጣል። በየአገሩ ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንደሚፈቀድም ደንቡ ይለያያልና ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የቁጥጥሩን መሥሪያ ቤትም ኢንሹራንሱንም ጠይቁ።

ከሥራው በኋላ በሚሠራ መኪና ላይ የማደርገው ቀላል ዘዴ አለ። የሾኩ ዘንግ በሚታይበት ቦታ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጌ አስራለሁና ወደ ሾኩ አካል ዝቅ አደርገዋለሁ። ሻካራ መንገድ ላይ ከተነዳ በኋላ ማሰሪያው የት እንደተገፋ ማየት ሾኩ ምን ያህል እንደተጨመቀ ያሳያል። ወደ ዘንጉ መጨረሻ ተጠግቶ ከተገኘ ማቆሚያው ሥራውን እየሠራ አይደለም። የፓራፋንጎውን ውስጥም አያለሁ፤ ጭቃ የተጠረገበት ጥቁር ለስላሳ መስመር ካለ ጎማው እየነካ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትሮች በኋላ ሁሉንም ቡሎኖች፣ በተለይ የባሌስትራዎቹን፣ በቶርክ ቁልፍ እንደገና አጠብቃለሁ። የመብራቶቹን አቅጣጫ ዝቅ ማድረግና ትልቁ ትርፍ ጎማ ከጭነት ሳጥኑ ሥር ካለው ቦታው ገብቶ ከማርሚታው መራቁን ማየትም የዚያው ቀን ሥራ ነው።